ለጊዜው የገባ ፊት

መጋቢት 24

ኢድ አለፈ። ኡሜ አልደወለችም።

እናቴ ሦስቱንም ቀን ስልኩን ከእጇ ሳታወርድ ዋለች። ሰው ሊዘይር ሲገባ በግራ እጇ ነው የጨበጠችው፤ ቀኟ ስልኩ ላይ ነበር። በግራ የሚጨብጥ ልጅ ስታይ የምትቆጣዋ እናቴ። ሁሉም አይቶ እንዳላየ አለፈ። ያ ነው ያናደደኝ፤ ቢናገሯት ይሻለኝ ነበር። ለገባ ለወጣው «ከመስከረም ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም» ትላለች፣ እነሱም «አብሽሪ፣ ኔትወርክ ነው» ይላሉ። ታላቅ እህቴ ኡምኩልሱም ሳውዲ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ለኢድ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ኔትወርክ አይደለም።

ዛሬ ሥራ ስገባ ሀቢቡላህ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አስራ ሁለተኛን አብረን ጨርሰን እሱ ኮሌጅ ገባ፣ እኔ የጋሼ አሕመድኑር ፎቶና ህትመት ቤት ቀረሁ። ከኮሌጁ የፊልም ክበብ ጋር አጭር ፊልም ሠርተዋል፤ አስራ አራት ደቂቃ። ግንቦት 16 እዚሁ መካነ ሰላም ይታያል፣ ከዚያ ደሴ ለውድድር ይሄዳል። ፖስተር ስሪልን አለኝ፤ «በጓደኝነት»። ይህ ልጅ ጓደኝነታችን ትዝ የሚለው በነጻ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው።

የፊልሙ ስም «እስክትደውል»። ስለ ምንድን ነው አልኩት። «ስለ አንዲት እናት» አለና ማተሚያ ማሽኑን ማየት ጀመረ።

መጋቢት 27

ፊልሙን አየሁት።

የእኛ ቤት ታሪክ ነው። ስልኩን መቀነቷ ላይ ቋጥራ የምትተኛ እናት። መብራት ሲጠፋ ስልኳን ይዛ ጀነሬተር ያለው ሱቅ ሄዳ ቻርጅ እስኪሞላ ቁጭ የምትል። የጎረቤት ልጅ ጠርታ «እስኪ ደውልልኝ፣ ይሠራ እንደሆን ልይ» የምትል፣ ራሷ አስደውላው ሲጮህ ደግሞ የምትደነግጥ። ይህን ሁሉ ለሀቢቡላህ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ከወረኢሉ ስንመለስ ሚኒባሱ ተበላሽቶ ሦስት ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጠን ነበር። ለጓደኛ የነገርኩ መስሎኝ። እሱ ለካ ድርሰት እየሰበሰበ ነው።

መጨረሻው ላይ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ ነው። እናትየው ትጮሃለች፣ ጨለማ ይሆናል፣ የሀቢቡላህ ስም ይወጣል።

«ልጅቷን ለምን ገደልካት?» አልኩት።

«ፊልም መጨረሻ ይፈልጋል፣ ፈይዛ። ሳይታወቅ ቀረ ተብሎ አያልቅም።»

እኛ ቤት እንዴት እንደሚሆን መጥቶ ይይ።

አልሠራም ብዬው ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሲሠራው ታየኝ፤ ጽጌረዳ፣ ሻማ፣ የሚንጠባጠብ እንባ፣ ሰባት ዓይነት ፎንት። ተመልሼ እሠራለሁ አልኩት። ለእሱ ብዬ አይደለም።

መጋቢት 30

መምህር መለሰ የክበቡ ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልልም። «ሐዘኑ ከሩቅ ይታይ» አለ። የልጅቷ ፊት ትልቅ ይሁን፣ የእሱ ስም ከሁሉም በላይ ይግባ። ሀቢቡላህ ደግሞ ደራሲ ሀቢቡላህ፣ ዳይሬክተር ሀቢቡላህ፣ ኤዲተር ሀቢቡላህ፤ ሦስቱም በየራሱ መስመር። ሶፋ የሚሸጥ ስፖንሰር አግኝተዋል፣ ሎጎው ከፊቷ አጠገብ ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ሶፋ።

የመጨረሻው ጋሼ አሕመድኑር ነው። የሱቁ ስልክ ቁጥር ጥግ ላይ ሳይገባ ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም። የሠርግም፣ የምርቃትም፣ የሐዘንም ባነር ላይ ያ ቁጥር አለ። ስልኩ የሚውለው እኔ እጅ ነው። ከሁሉም አሳንሼ አስገባሁት።

እኔ የፈለግኩት ፊት የሌለበት ነው። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ስልክ፣ ስክሪኑ የጠፋ፣ ዙሪያው ባዶ። አሳየኋቸው። መምህር መለሰ «የሞባይል ቤት ማስታወቂያ መሰለ» አለ። ሀቢቡላህ ሳቀ። የሱን ሳቅ አልረሳውም።

ሚያዝያ 4

የሻለም፣ ልጅቷን ሆና የምትሠራው፣ ፎቶዋ በቴሌግራም ተላከልኝ። የጥፍር ያህል ነው። ወደ ፖስተር ልክ ስስበው አፍንጫዋ አራት ካሬ ሆነ። «ኤችዲ ነው እኮ» ይለኛል ሀቢቡላህ። ሌላ ላኩ አልኩ። የሻለም ለፋሲካ ማሻ ያሉት ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች። ስልክ አታነሳም። ማንም ስልክ አያነሳም በዚህ አገር።

ሚያዝያ 7

አባቴ ሼህ አብዱራህማን መታወቂያውን ኮፒ ሊያደርግ ሱቅ መጣ። ስክሪኑን ቆሞ አየ። ሼህ አብዱራህማን ፊልምና ፎቶ ሊያወግዝ ነው ብዬ ለመጣላት ተዘጋጀሁ፤ ማንም በነካኝ ያልኩበት ቀን ነበር። እሱ ጣቱን የፖስተሩ ጫፍ ላይ አኖረ።

«ዳር አልተውሽለትም» አለኝ። «የእንጨት ሉህ ላይ ስጽፍ ለልጁ አውራ ጣት ቦታ እተዋለሁ። መያዣ ከሌለው ፊደሉን በገዛ እጁ ያጠፋዋል።»

አርባ ዓመት ቁርአን አስቀርቷል። እንጨቱ ላይ በቀለም ይጽፋል፣ ልጁ በቃሉ ሲይዘው ያጥበዋል፣ እንደገና ይጽፋል። መምህር መለሰ በሁለት ሳምንት ያልነገረኝን በአንድ ደቂቃ ነገረኝ። በአራቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ተውኩ። ያን ጊዜ የፊልሙን ስም አነበበ።

«እስክትደውል። የማን ልጅ ናት?»

«የማንም» አልኩት።

ኮፒውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሚያዝያ 10

የፊቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ልኩ አልታይ አለኝ። ጥራት ያለው የሴት ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግኩ፤ የኡሜ የፓስፖርት ፎቶ ወጣ። እኔው ነኝ ያነሳኋት፣ ነጩ ጨርቅ ፊት ያለው መቀመጫ ዱካ ላይ አስቀምጬ። እሱን አስገባሁ። ለጊዜው ነው። ቦታ መያዣ ይባላል፣ ሁሉም ዲዛይነር ያደርገዋል።

ፖስተሩን ስጀምርም ከባዶ ለመነሳት ጊዜ አልነበረኝም። ባለፈው ወር የሠራሁት የሐዘን ባነር አለ፤ ጥቁር መደብ፣ መሐል ላይ ክብ ፍሬም፣ ከሥሩ በነጭ ስም፣ ከዚያ ሥር ቀንና ሰዓት። የሟቹን አጥፍቼ የኛን ተካሁ። ሐዘኑ ከሩቅ ይታይ አይደል ያለው።

ያን ቀን አትሳቂ ብያት ነበር፣ ለፓስፖርት አይሳቅም። አፏን ገጥማ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነው። አምስት ወር ሙሉ ድምጿን ሳልሰማ። ሰባት ማለቴ ነው። ሰባት ወር።

ሚያዝያ 15

ጋሼ አሕመድኑር ሚስቱ ደወለችለት። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውዪ» ብሎ ዘጋው። ጮህኩበት። ደንበኛ ፊት። «ምን ልትል እንደነበር በምን አወቁ?» አልኩት።

«ሽንኩርት ግዛ ልትለኝ ነዋ። ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ከልቤ አልነበረም። ሰው ሥራ ላይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ምን ያድርግ። እኔም ኅዳር ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ሚያዝያ 22

መምህር መለሰ ሳይጠራ መጣና ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን አየ። «ይቺ ማናት?» አለ። «ይቺ ፊት ታወራለች። የሻለምን ተያት፣ ይቺን አድርጊ።»

ቦታ መያዣ ናት አልኩት። ሀቢቡላህ አብሮት ነበር። ኡሜ ከዳቦ ቤት ስትመለስ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዳቦ ትቆርስ ነበር፣ ለእሱም ቆርሳለታለች። ፊቱ ተለወጠ።

«ፈይዛ፣ ይቺ ኡሜ አይደለችም?»

«ነገ እቀይረዋለሁ።»

«አደራ» አለኝ። እሱ ነው አደራ የሚለኝ። የቤታችንን ነገር ወስዶ ፊልም ያደረገ ሰው።

ሚያዝያ 27

የየሻለም አዲስ ፎቶ ደረሰ። ትልቅ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ግን ብርሃኑ ከግራ ነው የመጣው። አንገቷም ተጣሟል። ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ነገ ምሳ ምን እንደምትበላ የምታስብ ነው የምትመስለው። ነገ እቀይረዋለሁ።

እናቴ ዛሬም የጎረቤት ልጅ አስደወለች። ስልኩ ጮኸ፣ ይሠራል። «ይሠራል» አለችኝ ደስ ብሏት። ልቧን ላወልቅ ፈልጌ «ስልኩ መሥራቱ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው ለእናቱ እንዲህ የሚናገር።

ግንቦት 2

ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ በአስራ አንድ ተኩል ይነሳል። ፖስተሩ የሚታተመው እዚያ ስለሆነ ፍላሹ ከሹፌሩ ጋር መሄድ አለበት። መብራት መጣ ሄደ። ሁለት ፋይል፤ «ፖስተር መጨረሻ»፣ «ፖስተር መጨረሻ ሁለት»። ሹፌሩ ይጮህብኛል። አንዱን ጫንኩ። ሄደ።

ግንቦት 6

አርባ ፖስተር ታትሞ መጣ። የክበቡ ልጆች ጥቅሉን ከመናኸሪያ በቀጥታ ወስደው ሲለጥፉ አረፈዱ። እኔ ያየሁት ወደ ሥራ ስሄድ ነው።

ኡሜ ምሰሶ ላይ። ኡሜ የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ። ኡሜ መናኸሪያው በር ላይ፣ ሁለት ጊዜ።

የላክሁት የተሳሳተውን ፋይል ነው። መብራቱ ነው። ሹፌሩ ነው ያዋከበኝ። ልነቅለው እጄን አንስቼ ነበር፣ ጋሼ አሕመድኑር ደንበኛ ቆሟል ብሎ ጠራኝ። ሀቢቡላህ እየሮጠ መጥቶ «ምን አደረግሽ?» አለ። «ልጆችህ ሲለጥፉ የት ነበርክ?» አልኩት። ፈተና ላይ ነበርኩ አለኝ። ቴሌግራም ላይም ተለቋል አለ፣ መምህር መለሰ ራሱ ለቆታል።

ኅትመቱ ግን ያምራል። ጥቁሩ ጥቁር ነው። ዳሩም ልክ ነው።

ግንቦት 7

ሳሙና ልገዛ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር፤ ስገባ ዝም አሉ። ባለሱቁ መልሱን ሲሰጠኝ እጄን ትንሽ ያዝ አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ። ለምን አልኩት። አላህ ያጽናሽ አለኝ። የሥራዬን ድካም ያየልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።

ግንቦት 8

ቤታችን አጠገብ ያለችው ጎረቤት እናቴን ስታይ መንገድ ቀየረች። አባቴ ጋ ቁርአን የሚቀሩት ልጆች ዛሬ ግማሹ አልመጡም። ቧንቧው ጋ አንዷ ለሌላዋ ስትል ሰማሁ፤ «ለእናትየው አልተነገራትም መሰለኝ። ሽማግሌ እየተጠራ ነው።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ጀሪካኔን ሞልቼ ሄድኩ።

ግንቦት 9

አባቴ ከሱብሂ ሰላት ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሰባት ወንዶች፣ ከኋላቸው ሴቶች። ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሰዋል። ፊት የቆሙት ጎረቤታችን አባባ አድማሴ ናቸው፤ «ሼኽዬ፣ አንዴ ይቀመጡ» አሉት።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አንድ ቃል ሳይናገሯት ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ጮኸች። ፊልሙ ላይ ያለው ጩኸት ውሸት ነው። ሀቢቡላህ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ አይደለም የሚጮኸው።

«ማን ነው የነገራችሁ?» አልኩ።

«ልጄ፣ ፎቶዋ ተለጥፎ ከተማው ሁሉ አየው» አሉ አባባ አድማሴ። «ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል። እናንተ ከመንገድ ከምትሰሙት ብለን ነው።»

«ፊልም ነው» አልኩ። «የፊልም ፖስተር ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ለቅሶው ውስጥ ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። ሴቶቹ እናቴን ይዘዋል፣ አንዷ ራሷ ወድቃለች። ሦስተኛ ጊዜ ጮህኩ። አባባ አድማሴ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ? የገዛ እህትሽን?»

ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ኖሮ እችለው ነበር።

«ታዲያ አለች?» አለችኝ። «አለች በይኝ።»

አለች ማለት አቃተኝ። አላውቅም ማለትም አቃተኝ። አባቴ ስልኩን ከመሬት አንስቶ በጋቢው ጠረገና እጇ ላይ አኖረላት።

ሰዎቹ ወዲያው አልወጡም። ለለቅሶ የመጣ ሰው አልሞተችም ሲባል ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። አንዳንዶቹ ይቅርታ ጠየቁ፣ አንዳንዶቹ ተቆጡ፣ ይዘውት የመጡትን ቂጣ ግን ትተውልን ሄዱ። እስከ ማታ ማንም አልቀመሰውም።

ግንቦት 10

አባቴ በጠዋት የውዱእ ውሃ መያዣ እብሪቁን ይዞ ወጣ። የምገባበት አጥቼ ተከተልኩት። ምሰሶ ምሰሶ እየዞረ ወረቀቱን በውሃ ያርሳል፣ ጫፉን በጥፍሩ ይይዛል፣ ቀስ አድርጎ ይልጠዋል። አንዱንም ፊቷ ላይ አልቀደደም። ሰው ቆሞ ያየዋል። እኔ ውሃ አመላለስኩ። ሠላሳ አራት አነሳን፤ ስድስቱ የት እንደገቡ አናውቅም።

የተውኩት ዳር ለመላጥም ተመቸው። ይህን አልነገርኩትም።

ሀቢቡላህ መናኸሪያው ጋ አገኘን። አባቴን ሰላም ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለና «ቢያንስ አዳራሹ ይሞላል፣ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም» አለ። ቀልዶ ሊያበርደኝ ነበር መሰለኝ። በጥፊ መታሁት። አባቴ አየ፤ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄደ። እጄ እስካሁን ይሞቀኛል።

የቴሌግራሙን አጥፋ አልኩት። ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል አለ ጉንጩን ይዞ።

የትኛውን ፋይል እንደላክሁ አውቅ ነበር። መብራት አይደለም። ይኸው።

ግንቦት 13

በሱቁ ቴሌግራም የድምጽ መልእክት ገባ። ከማላውቀው ቁጥር። አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ቃል በቃል ልጽፈው እችላለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ብዙዬ እባላለሁ፣ ወረኢሉ ነኝ። ይህቺን ፎቶ ላይ ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ። ሞታለች ሲሉ ሰምቼ ነው፤ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ ብዬ። ሳውዲ እስር ቤት አብረን ነበርን፣ ኅዳር ላይ፣ ወረቀት የሌለንን ሁሉ ሰብስበው። አንዷ ስልክ ደብቃ አስገብታ ለየአንዳንዳችን አንድ አንድ ደቂቃ ሰጠችን። ኡሜ በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ነው፣ ይኸው ፎቶው ጥግ ላይ የተጻፈው። ደወለች፣ ተነሳ። ወዲያው መልሳ ሰጠች። ምነው ስንላት፣ እህቴ ሥራ ላይ ናት፣ በኋላ ደውዪ አለችኝ አለች። ሳቀች እንኳ። ባነር እየሠራች ነው አለች፣ ለሁላችንም ስለ ሥራሽ አወራችልን። እኔ የካቲት ላይ አገሬ ገባሁ። እነ ኡሜን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፣ የሚመለሱት ስም ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ከስታለች እንጂ ደህና ነበረች። ቤታችሁን ባውቅ ቀድሜ እመጣ ነበር፣ ወላሂ። ለእናትሽ ንገሪያት።»

ኅዳር 9 ነበር። የምርቃት ባነር እያጣበቅኩ፣ እጄ በሙሉ ማስቲሽ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር። «ፈይዛ» አለች። ድምጿን አወቅኩት። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውዪ» አልኩና በክርኔ ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። በመጀመሪያ ረሳሁት፣ ከዚያ ማታ ትደውላለች አልኩ፣ ከዚያ ለመናገር ረፈደ።

መልእክቱን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ድምጹ መስመር ሆኖ ተዘረጋ። «እህቴ ሥራ ላይ ናት» የምትለዋ ቦታ ዘጠኝ ሴኮንድ አትሞላም። መረጥኳት፤ ሰማያዊ ሆነች። አንድ ቁልፍ ነው የሚያጠፋት። እናቴ ደህና ነበረች የሚለውን ትሰማለች፣ ሌላ ምን ያስፈልጋታል።

ጋሼ አሕመድኑር ሊዘጋ መጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ። ምንም አልኩት። ሳላጠፋ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ግንቦት 14

አልቆረጥኩትም። የምቆርጠው ከሆነ ሀቢቡላህን ለምን መታሁት።

ከመግሪብ በኋላ ለሁለቱም አሰማኋቸው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሥራ ላይ ናት የሚለው ሲደርስ መሬት መሬት አየሁ። ሥራ ላይ ናት የሚለው ሲደርስ መሬት መሬት አየሁ። አለቀ።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «ድገሚው።» ሦስተኛውን ስታዳምጥ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ምን ነበር የምትሠሪው ያን ቀን?» አለችኝ።

«የምርቃት ባነር።»

«የማን?»

«አላስታውሰውም፣ እማዬ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትረግመኝ ፈልጌም ነበር። እሷ ግን መቀነቷን ፈታች፣ ስልኩን አወጣችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። በስምንት ወር ውስጥ በፈቃዷ ከሰውነቷ ስትለየው ያኔ ገና አየሁ።

«ለካ የእኔን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም» አለች። «ያንቺን ነው የምታውቀው። በኋላ ደውዪ ብለሻታል፤ ትደውላለች። ከእንግዲህ ሥራ አትያዢ።»

አባቴ ተነስቶ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ውጭ ውሃው ሲፈስ ብዙ ሰዓት ሰማሁት።

ግንቦት 17

ትናንት ፊልሙ ታየ። አልሄድኩም። ሀቢቡላህ ጠዋት መጥቶ መርዶውን ቆርጬ አወጣሁት አለኝ፤ እናትየው ስልኩን ይዛ በር ላይ ስትቀመጥ ያልቃል። ሰዎች መጨረሻ የለውም እያሉ ወጡ አለ። ለደሴ ሌላ ፖስተር ስሪልን፣ እባክሽ አለ። ዋጋውን ሙሉ ትከፍላለህ አልኩት። እሺ አለ። አሁንም አልታረቅኩትም።

ምንጣፍ፣ የጠፋ ስልክ፣ ሰፊ ዳር። የመምህር መለሰ ስም ከሥር፣ ከሶፋው ጋር። የሱቁን ቁጥር ከፊልሙ ስም አስበልጬ ጻፍኩት። መምህር መለሰ ዓይቶ አፉን ከፈተ፣ ፊቴን አየና ዘጋው።

ግንቦት 27

አረፋ ሁለት ቀን ቀረው። እናቴና አባቴ ባለፈው ሳምንት ወረኢሉ ሄደው ብዙዬን አገኟት። ሌላ አዲስ ነገር የላትም፤ ያንኑ ነው የነገረቻቸው። እናቴ ግን አፏን እያየሁ ሰማሁት ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሱቅ ትመጣለች። ኡሜን ፎቶ ያነሳሁበት ዱካ ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ፊት ትቀመጣለች። ፎቶ የሚነሳ ሲመጣ ተነስታ ትቆማለች፣ ሲጨርስ ትመለሳለች። ጋሼ አሕመድኑር መጀመሪያ አጉረመረመ፣ አሁን ዳቦ ይገዛላታል። እኔ አሁንም በሁሉም ነገር እናደዳለሁ። በማሽኑ፣ በመብራቱ፣ እጅ እያለው በር በእግሩ በሚከፍት ደንበኛ። በእሷ ትዕግሥት ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ከሰዓት የኢድ ባነር እያጣበቅኩ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። እናቴ ከዱካው ተነሳች። እጄ በሙሉ ማስቲሽ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግኩና አነሳሁት።

የሠርግ ባነር የሚያሠራ ሰው ነው። ከገጠር ነው የሚደውለው፣ ነፋስ ይሰማል። «ሥራ ላይ ነሽ እንዴ እህቴ? በኋላ ልደውል?» አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩት። «ይንገሩኝ።»

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች።